ትናንት ደመና ነበር

ነርሷ ፋሻውን ዙር በዙር ስትፈታ፣ ቸኮለ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ቀዝቃዛ ጠበል ሊወርድበት እንደቆመ ሰው ትንፋሹን ውጦ ነበር። ከፋሻው ሥር የነበረውን ጥጥ አነሣችና ዓይኑን በእርጥብ ነገር ጠረገችለት። ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲገልጠው ነገረችው።

ገለጠው። መጀመሪያ የገባው ብርሃን ፊቱ ላይ ውኃ የተረጨበት ያህል አስደነገጠው። ቀጥሎ አንድ ነጭ ነገር ቀረበው፤ የነርሷ ጋዋን ነበር። ጣቶቿን ዘርግታ ስንት እንደሆኑ ጠየቀችው፤ ሦስት ናቸው አላት። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ሰማያዊ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰማያዊ በዕድሜው ያየ አልመሰለውም። ከግድግዳው ሥር ነጠላዋን ያጣፋች፣ ከሻሿ ጠርዝ ሽበት ያመለጣት ሴት ቆማለች።

"ያይኔ" አለ።

ሚስቱ ያይኔአበባ ድምፁ ወደመጣበት ዞረች። ዓይኗ ግን ፊቱ ላይ ሳይሆን ከትከሻው ትንሽ ከፍ ብሎ ዐረፈ። ቸኮለ፣ ሰው ፊት ስለሆነ ዐፍራ ነው ብሎ አሰበ። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፇን እየሰማ፣ ክንዷን ይዞ እየሄደ፣ ያበሰለችውን እየበላ መልኳን አላየም። አሁን ጉንጯ ጎድጎድ ብሏል፤ አገጯ ላይ ያለው ጠባሳ ግን የዱሮው ነው።

"አረጀሁ?" አለችው በዝግታ።

"እኔ የማውቅሽ የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላየሁም፤ ያላየሁትን አልመሰክርም።"

ነርሷ ትሕትና ሳቀች። ከሩቅ የመጡት የዓይን ሐኪሞች ፍኖተ ሰላም ከገቡ ወዲህ ቀን ከሌት እየሠራች ቢደክማትም፣ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ የምትሰጠው ሳቅ አላለቀባትም ነበር። ከጭስና ከአቧራ እንዲርቅ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሣ፣ ጠብታውን ጠዋትና ማታ እንዲጠቀም መከረችው። ሐኪሞቹ ወደመጡበት የሚመለሱት ቅዳሜ ስለሆነ፣ ዓርብ መጥቶ ግራ ዓይኑን እንዲሠሩለት ቀጠረችው። እሱም ይህ የተሠራው ዓይን እስከምን ድረስ እንደሚያደርስ ጠየቃት።

"ማታ ደጅ ይውጡና ኮከብ ይፈልጉ፣ አባባ" አለችው። "ካገኙ ዓርብ ይነግሩኛል።"

ውጭ ልጃቸው ንጋት ትጠብቃቸው ነበር። ንጋት ቡሬ ከተማ ሳሙናና ዘይት፣ ስኳርና ሻማ የምትቸረችርባት ትንሽ ሱቅ አላት። አባቷ ቀሚሷ አበባ አበባ መሆኑን ሲነግራት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። በሚኒባስ ወደ ቡሬ ሲሄዱ ግን የቆየውን ነገር አነሣችው። ሁለቱም እሷ ዘንድ ቢጠቃለሉ፣ መሬቱን እኩል አራሽ ቢያርሰው፣ ላሟ ብትሸጥ ይሻላል ባይ ናት። ይህን ማለት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏል። ቸኮለ መልስ ሳይሰጥ ያይኔአበባ ቀደመችው።

"አሁንማ ዓይኑ ተመለሰ፤ ምን ጎደለን?" አለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ቤታቸው ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ተሂዶ፣ ከመንገዱ በስተግራ ባለው መንደር ነው። ንጋትን ቡሬ ትተው ከተሳፈሩበት ጋሪ ወርደው ሲሄዱ ቸኮለ እንደልማዱ ክንዷን ያዘ፤ መያዝ እንደማያስፈልገው ትዝ ሲለውም አልለቀቃትም። ዓይኑ የሚያርፍበት አጣ። አውድማው ላይ የተከመረ ጤፍ፣ በየግቢው የተሰጣ በርበሬ፣ የሰው ልጅ፣ አህያ፣ ሁሉንም በየስሙ ይጠራል። ከጎረቤታቸው ከወንዳወቅ ቤት ፊት ሲደርሱ ቆመ።

"ወንዳወቅ ቤቱን ቆርቆሮ ማልበሱን ነግረሽኛል" አላት። "በሩን ቀይ መቀባቱን ግን አልነገርሽኝም።"

"ረስቼው ይሆናል" አለች።

ቸኮለ ሳቀ። ስድስት ዓመት ዓለሙን የምትነግረው እሷ ነበረች። እህሉ ይህን ያህል አድጓል፣ የእገሌ ልጅ ቁመት አወጣ፣ ቄሱ አዲስ ጥላ ይዘዋል ትለዋለች። እንዲህ ያለ ነጋሪ በር ቢረሳ ምን አለበት?

ያን ዕለት ማታ የነርሷ ቃል ትዝ ብሎት ደጅ ወጣና መደቡ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ በወንበርማ በኩል ካለው ጋራ ኋላ ገብታለች፤ ሰማዩ ገና ብርሃን አለው። ከወዲያ ወዲህ ሲያይ ቆየ፤ ምንም የለም። አንገቱ ሲደክመው ሊገባ ተነሣ። ያኔ ነው ከጋራው በላይ፣ ከወንዳወቅ ባሕር ዛፍ ጫፍ በስተቀኝ አንድ ነጭ ነገር ቦግ ብሎ ያየው።

መጀመሪያ መብራት መሰለው። ቡሬ ላይ የቆመው የሞባይል አንቴና ግን መብራቱ ቀይ ነው፤ ያለውም በምሥራቅ በኩል ነው። ቀጥሎ የራሱን ዓይን ጠረጠረ፤ ከተሠራ በኋላ የሌለ ብልጭታ ሊያሳይ እንደሚችል ተነግሮታልና። ቀኝ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጠፋ። ገለጠ፤ መጣ። ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዘነበለ፤ ነገርየው ከቦታው አልተነቃነቀም። ሌሎቹ ኮከቦች ገና አልወጡም። ይህ ግን ብቻውን ለአካባቢው ሁሉ እንደሚበቃ ሆኖ ያበራል፤ እንደሌሎቹ አይንቀጠቀጥም፤ ዝም ብሎ ያያል።

አወቀው። ጎጆ በወጡበት ዓመት፣ ከቡሬ ገበያ አምሽተው ሲመለሱ ከፊታቸው የሚሄደው የማታው ኮከብ ነው። ያኔ ያይኔአበባ ጨው በራሷ ተሸክማ፣ እሱ በግ እየጎተተ፣ ጋራው ሳይውጠው እንድረስ እየተባባሉ ይፈጥኑ ነበር።

ጠራት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

"ያ የሚያበራው ኮከብ ነው ወይስ የእኔ ዓይን ነው?" አላት።

ቀና አለች።

"ኮከብ ነው" አለች። "ያምራል።"

ቸኮለ ደስ ብሎት አጠገቡ አስቀመጣት። ጋራው እስኪውጠው ድረስ ስለዚያ ገበያ፣ ስለዚያ በግ ሲያወሩ አመሹ። ከዚያ በኋላ ባሉት ማታዎችም ኮከቡን መጠበቅ ሥራው ሆነ። ቦታውን ስለለመደው ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሰማዩ ገና ነጭ ሳለ ያገኘው ጀመር። ያይኔአበባ ከቤት ስትወጣ፣ ወጣ ይላታል፤ አየሁት ትለዋለች።

ረቡዕ ዕለት ጎረቤቶቹ እንኳን እግዚአብሔር ማረህ ሊሉት መጡና ቤቱ ሞላ። ጠላ ቀርቦ፣ ጨዋታው ደርቶ፣ ቸኮለ ደጅ የሚወጣበት ሰዓት አለፈበት። ያይኔአበባ ላሟን አስራ ስትገባ ከተቀመጠበት ሆኖ ኮከቡ መውጣቱን ጠየቃት። ሰው ፊት አንቱ ነው የምትለው።

"ወጥቷል" አለች። "እንደ ትናንቱ ቦግ ብሎልዎታል።"

ጥቂት ቆይቶ እንግዶቹን ሊሸኝ ወጣ። ወደ ጋራው ዞረ፤ ጋራው የለም። ምዕራቡ ከዳር እስከ ዳር በወፍራም ደመና ተሸፍኗል። ምነው ድንገት ዘጋው ሲል ወንዳወቅ፣ ድንገት እንዳይደለ፣ ከቀትር ጀምሮ እንዲህ ተጋርዶ መዋሉን፣ በጥር ደመና ጤፉ አውድማ ላይ እንዳይበሰብስበት ሲሠጋ መዋሉን ነገረው።

ቸኮለ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላም እዚያው ቆመ። በልቡ ማመካኛ ፈለገላት። እንግዳ ሞልቶባት፣ ተጣድፋ ሳታይ የመለሰችለት ይሆናል። እንዲያ ብሎ ገባ፤ እንቅልፍ ግን እንደልቡ አልወሰደውም።

በማግስቱ ሳያስነቃ ሲከታተላት ዋለ። ያይኔአበባ በቤቱ ውስጥ እንደ ውኃ ነው የምትፈሰው፤ ምንም አያደናቅፋትም። ግን ጣቶቿ ሁልጊዜ ይቀድሟታል። ምሰሶውን ነካ፣ የጎተራውን ከንፈር ነካ ያደርጋሉ፣ ከዚያ እግሯ ይከተላል። ምስር ስትለቅም ጠጠሩን በጣቷ እያሻሸች እንጂ አጎንብሳ እያየች አይደለም። መርፌ ስታነሣ የጎረቤት ልጅ ተጠርታ ክር አስገባችላት። እሱ ሳይናገር በፊቷ ሲያልፍ ማንነቱን አልጠየቀችም፤ ኮቴውን አዳምጣ ነው ያወቀችው። ዓይኗን ቀረብ ብሎ አየው። ብሌኗ ላይ አመድ የመሰለ ነገር ተጋርዷል።

ያን ጊዜ ስትነግረው የኖረችው ወሬ በአንድ ላይ መጣበት። ወንዳወቅ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰው ያለችው ዝናቡ ሲመታው ሰምታ ነው። የእገሌ ልጅ ቁመት አወጣ ያለችው ድምፁ ሲጎረንን ነው። የበሩ ቀለም ግን ድምፅ የለውም።

ማታ መደቡ ላይ ሆኖ ጠበቃት። ሰማዩ ጠርቷል፤ ኮከቡ ከጋራው በላይ ቁጭ ብሏል። ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

"ዛሬስ ወጥቷል?" አላት።

"ወጥቷል።"

"እንደ ትናንቱ?"

"እንደ ትናንቱ።"

"ትናንት ደመና ነበር፣ ያይኔ።"

ከጋጣው ላሟ ስታመሰኳ ይሰማል። ያይኔአበባ መደቡን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበች።

ቸኮለ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት። ግራ ዓይኗ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ቀኙ ግን አምና ከመኸር በኋላ ነው የተዋት። አሁን ብርሃንና ጥላ ትለያለች። ሰውን በድምፁ፣ መንገዱን በእግሯ ታውቀዋለች።

"እኔን እየመራሽ?" አላት።

"አንተ ክንዴን ስትይዝ እኔም አንተን እይዝ ነበራ። ተደጋግፈን ነው የሄድነው። መቼ ወደቅን?"

"ቦይ ውስጥ የገባን ጊዜስ?"

"እሱማ ጭቃው ነው።"

ሊስቅ ከጀለው፤ ግን ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት። መልሷ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ነበር።

"ብነግርህ ለንጋት ትነግራታለህ። ሁለቱም አያዩም ከተባለ ማን እዚህ ይተወናል? መሬቱ ለእኩል አራሽ፣ ላሟ ለገበያ፣ ቤቱ ለምስጥ ነው። አንተ ይህን ግቢ በእጅህ ታውቀዋለህ። የት ጋ እንደሚሞቅ፣ የት ጋ ነፋስ እንዳለ ታውቃለህ። ቡሬ ሄደህ ሱቅ ጀርባ ተቀምጠህ የመኪና ጡሩምባ ስትሰማ እንድትውል አልፈቅድም አልኩ።"

"ታዲያ ሐኪሞቹ ዘንድ አብረን ሄደን የለም? ያኔ ብትናገሪ ምን ነበረበት?"

"አንደኛችን ሙሉ ሰው እንሁን ብዬ ነው። ያንተን ይጨርሱ። የእኔ ደግሞ ሌላ ጊዜ ሲመጡ ይደርሳል።" ወደ እሱ ዞረች። "ነገ እዚያ እንዳታነሣብኝ፣ በሞቴ።"

ቸኮለ እሺም እምቢም አላላትም። እሷው ኮከቡ ምን እንደሚመስል ጠየቀችው። ስድስት ዓመት ሲነገረው የኖረ ሰው፣ እንዴት እንደሚነገር ጠፋበት። መጀመሪያ ነጭ ነው አላት፤ በቂ አልመሰለውም። ከወንዳወቅ ባሕር ዛፍ ጫፍ በስተቀኝ፣ ክንድ ሲዘረጋ ጋራውን አልፎ አንድ ጣት ከፍ ብሎ መሆኑን ነገራት። ወጣቶች ሳለን እንዳየነው ነው፤ አላረጀም፤ እኛ ብቻ ነን ያረጀነው አላት። እጇን ይዞ ወደ ቦታው አመለከተበት። እሷም የተዘረጋውን እጇን ሳታጥፍ ቆየች፤ እሱ ጋራው ዋጠው እስኪላት ድረስ።

ዓርብ ጠዋት ሆስፒታሉ ሲደርሱ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ሰው ነበር። አንድ ዓይኑ የታሰረ፣ ሁለት ዓይኑ የታሰረ፣ በልጅ የሚመራ፣ ከመራዊና ከደምበጫ ድረስ የመጣ። ነርስ ትሕትና ቸኮለን አየችውና ኮከቡን አግኝቶት እንደሆነ ጠየቀችው።

"እኔስ አገኘሁት፣ ልጄ" አላት። "ባለቤቴ ግን አላገኘችውም።"

ነርሷ ነገሩ ወዲያው ገባት። ያይኔአበባ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ነርሷ ግን እማማ ብላ እየለመነች አስቀመጠቻትና ዓይኗን በባትሪ አየችው። ሁለቱም ላይ ሞራ ነው፤ የበሰለ ነው፤ ቢሠራ ያያል አለች። ግን ሐኪሞቹ ነገ ጠዋት ይሄዳሉ። የቀረው የቀዶ ሕክምና ዕቃ አስቀድመው ለተመረመሩት ሰዎች ተቆጥሮ የተዘጋጀ ነው፤ አንድም ትርፍ የለም። ያም ሆኖ ገብታ ዋናውን ሐኪም ጠየቀች። ስትመለስ ፊቷ መልሱን ይዞ መጣ።

"ከተቀጠሩት አንድ ሰው ካልቀረ በቀር አይሆንም" አለች።

ቸኮለ የሚቀረው እሱ ቢሆንስ ብሎ ጠየቃት። ትሕትና አላሞኘችውም። አንድ ዓይን ብቻውን አደራ ነው፤ አንድ ነገር ቢነካው ተመልሶ ጨለማ ነው። ግራው ደግሞ በቆየ ቁጥር ሥራው ይከብዳል። ሐኪሞቹ በሚቀጥለው ዓመት ስለመምጣታቸውም ማንም ቃል የሰጠ የለም። ይህን ሁሉ ከነገረችው በኋላ፣ ምርጫው የእርስዎ ነው፣ ስምዎ ሲጠራ ያሳውቁኝ ብላው ወደ ሥራዋ ሄደች።

ያይኔአበባ ተቆጥታለች። ድምፇን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማ ነው የምትቆጣው።

"በሰው ፊት አዋረዱኝ። የጀመሩትን ይጨርሱልዎ ብዬ ለመንኩ፤ ይህቺን ታህል እንኳ አይሰሙኝም?"

"ሰምቼሻለሁ" አላት።

"ያች አንዷ ዓይን ብትታመምስ? ያኔ ማን ማንን ይመራል?"

እውነቷን ነው። ፈራ። ስድስት ዓመት የተቀመጠበትን ጨለማ ማንም ሊነግረው አይችልም፤ ጧት ተነሥቶ ሌሊት መሆኑን፣ የልጁን ሳቅ ሰምቶ ጥርሷን አለማየቱን፣ ሁሉንም ያውቀዋል። አሁን ከእጁ የገባውን ብርሃን ግራና ቀኝ ጠብቆ ማቆየት የማይሻ ሰው ማን ነው? በሬ እንኳ ጥንድ ሆኖ ነው የሚያርስ።

ቀኝ ዓይኑን ጨፈነ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጠፋ። በግራ ዓይኑ የቀረው በበሩ በኩል የሚገባ፣ እንደ እርጎ የወፈረ ብርሃን ብቻ ነው። በዚያ ብርሃን ውስጥ የሰው ጥላ ያልፋል፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም። እንዲህ ሆና ነው ላም ያለበችው። እንዲህ ሆና ነው ክንዷን ሰጥታው በጥምቀት ሕዝብ መሀል ታቦት ያጀበችው፤ እነሆ ታቦቱ ወጣ፣ እነሆ ካህናቱ አሸበሸቡ እያለች፣ ከከበሮው እየሰማች የነገረችው።

ዓይኑን እንደጨፈነ ተቀመጠ። ከጎኑ ያይኔአበባ ትተነፍሳለች። የተጠሩት እየተነሡ ይገባሉ፤ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

"ቸኮለ ይታገሱ" ተብሎ ከነአባቱ ስም ተጠራ።

ያይኔአበባ ክንዱን ለቀቀችለት፤ ሂድ በሚል ሁኔታ ጀርባውን በእጇ ነካ አደረገችው። ቸኮለ ዓይኑን ገልጦ ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ። ከዚያ ጎንበስ አለና የለቀቀችውን እጇን መልሶ ያዘው፤ ሳብ አድርጎ አስነሣት። ልትቃወም አፏን ከፈተች፤ ሰው ሁሉ ወደ እነሱ ዞሮ ነበርና መልሳ ዘጋችው።

በሩ ላይ የቆመችው ትሕትና አየችው።

"የምቀረው እኔ ነኝ" አላት ቀስ ብሎ።

ነርሷ ራሷን ነቀነቀችና ከበሩ ገለል አለች። ቸኮለ ያይኔአበባን አጥብቆ ያዛት፤ አንድ እርምጃ ቀደም አለና ወደ ታች ተመለከተ።

"ደፍ አለ" አላት። "እግርሽን ከፍ አድርገሽ ርገጪ።"